በአውራ ጣቴ የያዝኳት ሽቦ

እኔ በዕድሜዬ ስንት ጊዜ ከመቀመጫዬ ብድግ እንዳልኩ የሚመዘግብ መልአክ ካለ፣ ምስኪን፣ ይሄኔ እጁ ዝሎ ሥራውን ለሌላ አስረክቧል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ያልተነሳን ልጅ ከሌባ ለይቶ አያይም ነበር። እንግዳው ገና ከአጥር ውጭ ሲያስል እኛ ልጆቹ ቆመን እንጠብቃለን። አንዳንዴ የሚያስለው መንገደኛ ይሆንና ያልፋል፤ እኛም በከንቱ ተነስተን በከንቱ እንቀመጣለን። ትምህርቱ የገባኝ ጭንቅላቴ ውስጥ አይደለም፤ ጉልበቴ ውስጥ ነው። ጭንቅላት ይረሳል፣ ያመዛዝናል፣ ሰበብ ይፈልጋል። ጉልበት እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም።

ይኸው በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ታክሲ ውስጥ አዛውንት ሲገቡ ብድግ እላለሁ። ጣራው አናቴን ይለኛል፤ ረዳቱ «ፋዘር፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ትራፊክ አለ» ብሎ ይቆጣኛል። ትልቅ ሰው ስልክ ከደወለልኝም ተነስቼ ነው የማናግረው። ልጆቼ «አባዬ፣ ጉልበትህ ፍሬን የለውም» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ ሰው ሲገባ የሚያነሱት ቅንድባቸውን ብቻ ነው፤ እሱንም ከስልካቸው ላይ ከተመቻቸው።

ይህን ሁሉ የምዘበዝብላችሁ ጥፋቴን ከመናዘዜ በፊት አስተዳደጌን እንድታውቁልኝ ነው። ዳኛም ቢሆን እኮ ከመፍረዱ በፊት የተከሳሹን ጠባይ ይጠይቃል።

ሽሮ ሜዳ፣ ጋቢና ነጠላ በተሰቀለባቸው ሱቆች መሀል፣ ቁም ሳጥን የምታክል የጥገና ሱቅ አለችኝ። ቻርጀር እጠግናለሁ፣ የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት እቀይራለሁ፣ የሐበሻ ቀሚስ ዋጋ ለሚጠይቁኝ ሙሽሮች ደግሞ ወደ ጎረቤት እጠቁማለሁ። ድሮ ግን፣ ማለቴ ሰው በነበርኩበት ዘመን፣ የቴሌክስ ማሽን ጠጋኝ ነበርኩ። በሽቦ ላይ ፊደል እየተከታተለ ሲሮጥ ጆሮዬን ብቻ ደቅኜ ጤነኛና በሽተኛ መልእክት እለይ ነበር። ይህን ሙያዬን ከኔና ከአንዲት ሴት በስተቀር ሁሉም ረስቶታል። ሴትዮዋ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ቀጨኔ፣ አባቴ ቤት በስተጀርባ የሚኖሩ፣ በልጅነቴ ዳቦ ሲጋግሩ ሙልሙል ያልነፈጉኝ ጎረቤታችን።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመው አየኋቸው። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

«ተቀመጥ ሙሉጌታ፣ አልቀመጥም» አሉ። «በላቸው የጻፈውን ከዚያ ሳጥን አውጣልኝ።»

ሳጥኑን አውቀዋለሁ። ባለቤታቸው ጋሽ በላቸው የአንድ የውጭ ድርጅት ጸሐፊ ነበሩ። ድርጅቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ የቢሮውን ዕቃ ለሠራተኞቹ በዕጣ አከፋፈለ። እትዬ ዘነበች ስለት የተሳሉት ለማቀዝቀዣው ነበር፤ እሱ ለዘበኛው ወጣ። ለጋሽ በላቸው የደረሳቸው ኮምፒውተር ነው፤ ያውም ከመጀመሪያዎቹ፣ ጥቁር መስኮት ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያበቅል፣ እንደ ካርቶን የሚተጣጠፍ ሰፊ ዲስክ የሚጎርስ፣ እንደ ሰፌድ ሰፊ እንደ ድንጋይ ከባድ። እትዬ ዘነበች ለዓመት ያህል «ውኃ ያቀዘቅዛል ወይ?» እያሉ ሲተርቧቸው ኖሩ። ጋሽ በላቸው ግን ከሥራ ሲመለሱ ፊት ለፊቱ ቁጭ ይሉና መጻፍ ያዙ። የኛ ፊደል ስላልነበረው አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው የጻፉት። የዛሬ ልጆች በስልክ የሚጻጻፉበትን አጻጻፍ ጋሽ በላቸው ቀጨኔ ላይ ቀድመው ጀምረውታል ማለት ነው፤ የሚያመሰግናቸው ግን የለም።

«ምንድን ነው የጻፉት?» ስል ጠየቅኩ።

«ሕይወቱን። አንድ ቀን አላስነበበኝም። "ስሞት ታነቢዋለሽ" ይለኝ ነበር።» የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉት። «እሱ ግን ሳይሞት እየሄደብኝ ነው ሙሌ። መርሳቱ ብሷል። ባለፈው ሳምንት ምሳ አቅርቤለት ቀና ብሎ አየኝና ምን አለኝ መሰለህ? "እመት፣ ባለቤቴን አይተዋታል? ከጠዋት ጀምሮ ጠፍታብኛለች።" እኔን! "እኔ ነኝ እኮ ዘነበች" ስለው በትሕትና ሳቀብኝ። ውሸታም ሴትዮ ላይ እንደሚሳቀው።»

የምጠግነውን ስልክ ከእጄ አስቀመጥኩት።

«እኔን አላመነኝም» አሉ። «ራሱን ግን ያምን ይሆናል። እዚያ ውስጥ እንዴት እንደተገናኘን አለ፤ እኔ አለሁ። በራሱ ቃል ላንብብለት። ምናልባት ያስታውሰኛል።»

አንጀቴን በሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር?

ከዚያች ሐሙስ እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ለካ ሰው ሌላ ሰውን የሚያህል ነገር በእጁ ሲሰጠው እጁ የራሱ መሆኑን ይጠራጠራል። ዲስኩ ሻግቶ ቢሆንስ? መብራት መሀል ላይ ቢሄድስ? ማሽኑ ሲበራ ቢጨስስ? ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ኮምፒውተር ነው የምትከፍተው ወይስ የሰው ሆድ?» አለችኝ። ልዩነቱ በዚያ ሰሞን አልታየኝም።

ቅዳሜ ጠዋት የልጄን ላፕቶፕ፣ መበየጃዬን፣ የሽቦ ጥቅሌንና መርካቶ ያስፈለግኩትን ማገናኛ በዘንቢል ይዤ የቀጨኔን ዳገት ወጣሁት። ጋሽ በላቸው ግቢ ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን በጭናቸው መሀል አስገብተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤተሰብ ደህና?» አሉኝ፤ የማን ቤተሰብ እንደሆነ ግን እንዳላወቁ ዓይናቸው ይናገራል። በልጅነቴ ጆሮዬን እስኪቀላ የቆነጠጡኝ ሰውዬ ናቸው። ያኔ ስሜን ከነአያቴ ይጠሩት ነበር።

ማሽኑ ሳሎን ጥግ በዳንቴል ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት አገኘሁት። አበባውን አነሳሁ፣ ዳንቴሉን ገለጥኩ፣ አማተብኩ፣ አበራሁት። በራ! አረንጓዴው መስመር ብልጭ ሲል እትዬ ዘነበች እልል ሊሉ ነበር፤ እኔ ነኝ በምልክት ያስቆምኳቸው። ዲስኩን ሳጎርሰው ግን የሰማሁት ድምፅ ደስ አላለኝም። ቅርርር ይላል፤ የሚያነበው እየፋቀ ነው። ከነዚህ ዲስኮች ጋር የኖረ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። አንዴ ቢያነብ ነው፤ ሁለተኛ አያነብም። ይህንን ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። «እንግዲያው አንዴ አንብበው» አሉ፤ ለእሳቸው ነገሩ ቀላል ነበር።

ጽሑፉን ከዚያ ማሽን ለማውጣት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከጀርባው ሃያ አምስት ቀጫጭን የብረት እግሮች ያሉት መሰኪያ አለ፤ ሲሪያል እንለዋለን። በአንድ ሽቦ ፊደሎች አንድ ባንድ፣ እንደ ቆራቢ ተራቸውን ጠብቀው የሚያልፉበት በር ነው። የሚበቁኝ ሦስት ሽቦዎች ናቸው፤ አንዱ የመናገሪያ፣ አንዱ የመስሚያ፣ አንዱ እኛ «መሬት» የምንለው መመለሻ። የአንዱን አፍ ከሌላው ጆሮ ጋር ማገናኘት ነው ሥራው። እኔ ታዲያ፣ ያን ሁሉ ዓመት ቴሌክስ የጠገንኩት ሰውዬ፣ ከጭንቀቴ ብዛት አፍን ከአፍ ጆሮን ከጆሮ አገናኘሁት። ሁለቱም ሲጮኹ የሚሰማ ጠፋ። የሰፈራችንን ስብሰባ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ።

ነቀልኩት፣ አቀያየርኩት፣ መልሼ ሰካሁት። አሁንም ዝም። ለጥቂት ጊዜ ላቤን እየጠረግኩ ካሰብኩ በኋላ ትዝ አለኝ፤ እነዚህ የድሮ ማሽኖች ይሉኝታ አላቸው። ዝም ብለው አይዘረግፉም። መጀመሪያ በሌላ እግር «ልናገር ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ተናገር» ካልተባሉ ዲስካቸውን እንደያዙ ይሞታሉ እንጂ ትንፍሽ አይሉም። የዛሬው ላፕቶፕ ደግሞ እንዲህ ያለ ጨዋነት ስላልተማረ አይመልስላቸውም። መፍትሔው ቁራጭ ሽቦ ወስዶ መጠየቂያውን ከራሱ መልስ መቀበያ ጋር ማሰር ነው፤ ራሱ ይጠይቅ ራሱ ይፍቀድ። አሰርኩት። ሲያልቅ አሳዘነኝ። ጨዋ የነበረን ነገር ወቅቱ እንዲህ ለራሱ ፈቃድ ሰጪ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ፍጥነት ነው። ሁለቱም እኩል ካልሄዱ አንዱ የሚለውን ሌላው አያውቀውም። የአሮጌው ፍጥነት የሚወሰነው ውስጡ ባሉ ጥፍር በማይነካቸው ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነው፤ የትኛው ምን እንደሆነ የሚነግር ወረቀት ደግሞ የለም። በስክሪብቶ ጫፍ አንዷን ወደ ላይ፣ አንዷን ወደ ታች እያልኩ፣ ዲስኩን ሳልነካ ከቁልፍ ሰሌዳው አንድ መስመር ብቻ እየላክሁ ሞከርኩ። በመጀመሪያው ላይ ላፕቶፑ ቅንፍና ኮከብ፣ መስቀለኛና ጥያቄ ምልክት ተፋ። እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና አማተቡ።

«ይሄንን ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት ሲጽፍ የኖረው?»

«አይደለም እትዬ፣ ፍጥነቱ ነው።»

«እኔማ መጀመሪያም ጠርጥሬው ነበር» አሉ።

በአራተኛው ላይ የላክሁት መስመር ጥርት ብሎ ገባ። የደስታዬ ዕድሜ ግን አንድ ትንፋሽ አልሞላም። መሰኪያውን አንዴ ላጥብቀው ብዬ ነቅዬ ስሰካው ቀጭ አለ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይሏል ይሄ ነው። ከሃያ አምስቱ እግሮች የተሰበረችው ሌላ አይደለችም፤ የመናገሪያዋ ናት። ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብሎ የኖረ ማሽን፣ ሊናገር ባለበት ሰዓት ምላሱን ቆረጥኩት።

ልበይዳት እንዳልል ጉቶዋ የቀረችው ፕላስቲኩ ውስጥ ጠልቃ ነው፤ መበየጃው ከነካው ሁሉም ቀልጦ አንድ ይሆናል። በፕላስተር አጣበቅኳት፣ ተንሸራተተች። በመጨረሻ ከማሽኑ አጠገብ ዝቅ ባለች የእንጨት ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ክንዴን ወደ ጀርባው አዙሬ፣ የሽቦዋን ጫፍ በአውራ ጣቴ ጉቶዋ ላይ ተጭኜ ያዝኳት። ሰራች። ከሰው ሥጋ የተሻለ ማሰሪያ የለም፤ ችግሩ ሥጋው መንቀጥቀጡ ነው።

«ለምን ያህል ጊዜ ትይዛታለህ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ግማሽ ሰዓት ያህል። ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። እትዬ፣ በሩን ይዝጉልኝ፣ ማንም እንዳይገባ። ብንቀሳቀስ አለቀ።»

በሩን ገርበብ አደረጉት። አልቆለፉትም። ቅዳሜ ጠዋት ቀጨኔ ላይ በር ከተቆለፈ ሰው ሞተ ተብሎ ጎረቤት ይሰበሰባላ!

በግራ እጄ መላኪያዋን ተጫንኩ። ዲስኩ ቅርርር አለ። ላፕቶፑ ላይ ፊደሎቹ ተራ በተራ ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። እትዬ ዘነበች ወንበር ስበው አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ያነቡታል።

«የተወለድኩት እንጦጦ ግርጌ ነው። ቀኑን የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም በየዓመቱ ትለዋውጠዋለች።»

እትዬ ዘነበች ሳቁ። ሲስቁ እንባቸው ቀደማቸው። «እሱ ነው! ድምፁ ነው እኮ! ሙሌ፣ በእናትህ ጣትህን እንዳታነሳ።»

ጣቴ አሁን የኔ አልነበረችም። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ አሥር ሆነ። ጋሽ በላቸው ስለ ቄስ ትምህርት ቤታቸው፣ ስለ መጀመሪያ ደመወዛቸው፣ ከሁሉም በላይ ስለገዙት ጥቁር ጫማ ጻፉ። ጫማው እንዴት እንደሚያብረቀርቅ፣ ሲራመዱ እንዴት እንደሚጮህ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዴት እንዳየው።

«እኔ ገና አልመጣሁም?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ገና ነዎት።»

«ይሄ ሰውዬ ስለ ጫማ ይሄን ያህል የሚጽፈው ምን ቆርጦት ነው?»

ክንዴ ከትከሻዬ የተለየ መሰለኝ። ላቤ ቅንድቤን አልፎ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ አልጠርገው ነገር መንቀሳቀስ ፈራሁ። መብራቱ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። ሃያ ደቂቃ። ፊደሎቹ ይመጣሉ። ጋሽ በላቸው ጫማቸውን ተጫምተው የመድኃኔ ዓለም ንግሥ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረዱ፤ ደጃፉ ላይ አውልቀው ገቡ፤ ሲወጡ ጫማው የለም። እትዬ ዘነበች ከወንበራቸው ተንጠራርተው አፍንጫቸው ላፕቶፑን ሊነካ ደረሰ።

«መጣሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ። «አሁን መጣሁ ሙሌ፣ እይ!»

እውነትም መጡ። «ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለ አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ልጅ ቀረብ ብላ፣ ጫማህን ተሳስቶ የወሰደውን ሽማግሌ አውቀዋለሁ፣ ና ተከተለኝ አለችኝ። በካልሲዬ ተከተልኳት።»

ያን ጊዜ ነው በሩ የተከፈተው።

ከዘራ ሲያንኳኳ ሰማሁ። ጋቢ አየሁ። ነጭ ጢም አየሁ። ጋሽ በላቸው ፀሐይዋ ጠንክራባቸው ገብተዋል። እኔ፣ ይማልልኝ የምለው ሰው ጠፍቶኝ ነው እንጂ፣ ልነሳ አላሰብኩም። አፌ «ኖር!» ሲል የሰማሁት እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው። ጉልበቴ ተዘረጋ። ከዱካው ላይ እንደተነሳሁ ጭንቅላቴ ነቃና መሀል ላይ ጨክኜ ቆምኩ፤ ወገቤ ጎብጦ፣ ፊቴ ማሽኑ ላይ ተደፍቶ፣ አውራ ጣቴ ጉቶዋን እንደያዘች። ተመስገን፣ ፊደሎቹ አሁንም ይመጣሉ! ሽቦዋ ግን ተወጥራለች፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ከሄድኩ ታመልጣለች።

«በግዜር፣ በግዜር» አሉ ጋሽ በላቸው። «ተቀመጥ ልጄ።»

«አይ፣ ይሁን ጋሼ።»

«ተቀመጥ እንጂ! ለኔ ብለህ ነው የምትጎብጠው?»

አያችሁ መከራዬን? አንድ ሰው ተነስቶልህ ዝም ብለህ አታልፈውም። እሱም በመጀመሪያው «ተቀመጥ» ከተቀመጠ ባለጌ ነው። ስለዚህ «ይሁን» ማለቴን እንደ ጨዋነት ቆጠሩት። እትዬ ዘነበች «ተወው በላቸው፣ ተወው፣ እንዳትነካው!» ብለው ጮኹ። ጋሽ በላቸው ግን ጩኸቱን «እንግዳው ቆሞ ይቅር» እንደ ማለት ሰሙት መሰለኝ፤ ይበልጥ ባሰባቸው።

«በሞቴ ተቀመጥ!» አሉና ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መጡ። ሁለት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ። ሚስታቸውን የዘነጉት፣ ምሳ ይብሉ አይብሉ የማያውቁት ሰው፣ የተነሳን ሰው እንዴት እንደሚያስቀምጡ አልረሱም። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቅ። ተጫኑኝ፤ ዱካው ላይ ዘጭ አልኩ፤ ሽቦዋ ከጣቴ ሥር ሾለከች።

ላፕቶፑ ላይ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ቁልቁለቱን ስንወርድ ልጅቷ ዞር ብላ»።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሽቦዋን መልሼ ያዝኩ፣ መላኪያውን ደግሜ ተጫንኩ። ማሽኑ አንዴ እንደ ብረት ምጣድ ተፋቀና ዲስኩን አላውቀውም አለ። ሳወጣው መሀሉ ላይ በክብ ተልጦ ስስ ሆኗል፤ ቡናማው ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። ጋሽ በላቸው ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀምጠው ፈገግ ብለው ያዩኛል።

«ጨዋ ልጅ ነህ» አሉኝ። «የማን ልጅ ነህ?»

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የዚያን ዕለት በሰው ቤት እንባዬ መጣ። «አጠፋሁ እትዬ» አልኩ። «ዝም ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ። አንድ ነገር ነው የለመኑኝ፣ እሱንም አጠፋሁት።» እትዬ ዘነበች አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፑን ብቻ ትክ ብለው ያያሉ። ቆይተው መነጽራቸውን በነጠላቸው ወለወሉና «የመጣውን አንብብለት» አሉኝ፤ «እኔ ድምፄ እምቢ ይለኛል።»

አነበብኩላቸው። ጋሽ በላቸው ከዘራቸውን አቅፈው ያዳምጣሉ። የልደታቸው ቀን በየዓመቱ መለዋወጡን ሲሰሙ ሳቁ፤ «ብልህ ሰውዬ ነው የጻፈው» አሉ። የጫማው ነገር ከመጠን በላይ ገባቸው፤ ሲሰረቅ «ምነው ሸዋ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። ልጅቷ ስትመጣ እትዬ ዘነበች ትንፋሻቸውን ያዙ። እኔም ያዝኩ። የባላቸውን ፊት ፊት ነው የሚያዩት። የሚፈልጉት ነገር ቢመጣ የሚመጣው እዚያ ጋ ነበርና። ጋሽ በላቸው ግን የሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰው ብቻ ነበሩ።

«ቁልቁለቱን ስንወርድ ልጅቷ ዞር ብላ…» ብዬ ቆምኩ።

«ዞር ብላስ?» አሉ።

«አልቋል ጋሼ።»

«እንዴት ያልቃል? ዞር ብላ ምን አለችው?»

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እትዬ ዘነበች ከወንበራቸው ተነስተው ሶፋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ዞር ብላ፣ ካልሲህ ተቀዷል አለችው።»

«እውነት?» አሉ ጋሽ በላቸው፤ ፊታቸውን ወደ እሳቸው አዞሩ። «አሳፈረችዋ!»

«ተረከዙ ወጥቶ ነበር። ቲማቲም መሰለ። ከዚያ፣ አንተ ጫማ ከሌለህ እኔም አይኑረኝ ብላ እሷም ጫማዋን አወለቀችና አብራው በባዶ እግሯ ሄደች።»

«ኧረ!» አሉ። «ከዚያስ?»

ከዚያማ እትዬ ዘነበች እስከ ምሳ አወሩ። እኔ ዕቃዬን በዘንቢሌ ሰብስቤ ስወጣ ሁለቱም አላዩኝም።

ይህ ከሆነ ወራት አለፉ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጋሽ በላቸው ሚስታቸውን አላስታወሱም። አንዳንድ ቀን «እመት» ይሏቸዋል፣ አንዳንድ ቀን «እህቴ»። ታሪኩን ግን በየቀኑ ይጠይቃሉ፤ በየቀኑም አዲስ ነው። እኔ ግን ጥፋቴ አላስተኛኝ ብሎ፣ የተፋቀ ዲስክ ላይ የቀረውን አጉሊ መሣሪያ ይዞ የሚለቅም ሰው አጠያይቄ አጠያይቄ አገኘሁና ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው።

እትዬ ዘነበች በር ላይ ይዘውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተወው ባክህ ሙሌ።»

«እንዴት? ያን ያህል ጓጉተውለት!»

«አሁን የሱ ቃል ከመጣ እኔ ጉድ ፈላብኝ። ጫማዬን መቼ አወለቅኩ? ያን ቀን እየሳቅኩበት ጥዬው ነው የሄድኩት። ስድስት ወር ሲከተለኝ አላየሁትም። ይሄንን አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም» አሉና፣ ሊስቁም ሊያለቅሱም እንደሆነ ሳይለይልኝ የተጣደ ሽሯቸውን ሊያማስሉ ወደ ማድ ቤት ገቡ።

እኔ ከጋሽ በላቸው ጋር ሳሎን ቀረሁ። ወዲያና ወዲህ አይተው እጅጌዬን ሳብ አደረጉኝ። ጭንቅ ብሏቸዋል።

«ልጄ፣ ያቺ ደግ ሴትዮ ታሪኩን ሳትጨርሰው ሄደች» አሉኝ። «ለመሆኑ ሰውየው ልጅቷን አገባት?»

«አገባት ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

በረጅሙ ተነፈሱ። እጅጌዬን ለቀቁ። «እሰይ» አሉ፤ «እኔማ ሰግቼ ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ ብታመልጠው ምን ይውጠው ነበር?»